ባሕር ዳር ላይ የባሕር ዓሣ

ከተማችን ስሟ ባሕር ዳር ነው፣ ባሕሩ ግን ጨው የለውም። ቤቴ መጥቶ የዓሣ ገንዳዬን ያየ እንግዳ ሁሉ ይሄን ቀልድ ይነግረኛል፣ እኔም እንደ አዲስ እስቃለሁ። ገንዳው ውስጥ ያሉት ሁለት ዓሦች ብርቱካንማ ናቸው፤ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ከጣት ብዙም የማይረዝሙ። ክላውንፊሽ ይባላሉ። ልጆች በካርቱን ስለሚያውቋቸው ስማቸውን እንኳ አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ ወላጆች ናቸው፦ «እኛ ቤትስ ይሆናል?» ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን በየቡናው ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ ዓሣው አገሩ ላይ እንዴት እንደሚኖር እንይ፣ ኋላ የምላችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ ስለሚመጣ ነው። ክላውንፊሽ ወደ 30 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ሁሉም ሙቅና ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ፣ ኮራል ሪፍ ላይ ይኖራሉ። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ ጥቃቅን ፍጥረታት እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ እየሠሩ ከፍ ይላሉ። ሰውነታቸው ውስጥ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራ ረቂቅ አልጌ አለ። ስለዚህ ሪፍ የጠራ ውሃ ይፈልጋል። ጣናን በክረምት አስቡት፣ ወንዞቹ አፈር ይዘው ገብተው ውሃው ሻይ በወተት ሲመስል። የዚያ ተቃራኒ ነው።

ሪፉ ላይ አኔሞኒ የሚባል ሌላ እንስሳ አለ። ስታዩት አበባ ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ብዙ ጣቶቹን ያወዛውዛል፣ ጣቶቹ ግን ይናደፋሉ፣ የነካቸውን ትንሽ ዓሣ ሽባ አድርገው ይበሉታል። ክላውንፊሽን ገላው ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ስለሚከላከልለት እዚያው መሃል ተጋድሞ ያድራል። አሳዳጅ ሲመጣበት እሾህ አጥር ውስጥ እንደገባች ጫጩት ነው፤ ማን ደፍሮ ይከተለዋል? እሱም ውለታውን ይከፍላል፣ አኔሞኒውን የሚቀነጣጥቡ ዓሦችን ያባርራል፣ እዳሪውም ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናል። ከዚያች ቤቱ ጥቂት ሜትር እንኳ ርቆ መሄድ አይወድም። ለኛ የሚያመቸን ይሄ ጠባዩ ነው፤ አገር ምድሩን መዞር የለመደ ዓሣ ሳሎን ውስጥ ያብዳል፣ ይሄ ግን ሲፈጥረው የቤት ልጅ ነው።

«ቀይ ባሕር ቅርባችን አይደል?» ለምትሉኝ፣ ቀይ ባሕር የራሱ ክላውንፊሽ አለው፣ ግን ሌላ ዝርያ ነው። ወደ ቢጫ ያደላል፣ መቀነቱም ሁለት ነው። ለቤት የሚሸጠው ባለ ሦስት መቀነቱ ኦሴላሪስ አገሩ ሩቅ ነው፣ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ አካባቢ። ደስ የሚለው ኦሴላሪስ በእርባታም ይፈለፈላል፤ ስትገዙ ከባሕር የተያዘ ነው ወይስ በእርባታ የተወለደ ብላችሁ ጠይቁ። በእርባታ የተወለደው ገንዳ አይደንቀውም፣ ደረቅ ምግብም ለምዶ ነው የሚመጣው።

እሺ፣ ገንዳው። ለሁለት ዓሣ 100 ሊትር ይበቃል። ከዚያ ባነሰ አትጀምሩ፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይበላሻል። መስታወት ቤት ሄዳችሁ አስቆርጡና በሲሊኮን አስገጥሙ፤ ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን፣ መከላከያው መርዝ ነው። ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ደጅ ላይ በተራ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ቢያፈስ እዚያ ያፍስስ። ሲሞላ ከነመስታወቱ ከ120 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን እባካችሁ ቡፌ ላይ እንዳታስቀምጡት። ብየዳ ቤት የብረት ማቆሚያ አሠሩ፣ ደህና አድርጋችሁም ቀለም ቀቡት፣ ጨው ብረት ይበላል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ወርደው እንዲመለሱ አድርጉ፣ ጠብታ ቢወርድ ወለል ላይ ይቅር።

ትልቁ ሥራ ውሃው ነው። የጣና ውሃ አይሆንም፣ አፈርና አልጌ ይዞ ይገባል። በክረምት ከጣራ የምትቀዱት ዝናብም አይሆንም፣ ከቆርቆሮው ዚንክ ይዞ ይወርዳልና። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ በአየር ፓምፕ እያፏጫችሁ አንድ ቀን ብታሳድሩት ይቀንሳል፣ ለዓሣ ብቻ ከሆነ በዚያ የሚሠሩ አሉ። እኔ የምመርጠው ውሃ ማጣሪያ ማሽን ካላቸው ሰዎች የተጣራውን በጀሪካን መግዛት ነው። ጀሪካኑ ዘይት የነበረበት አይሁን። አሥር ጊዜ ብታጥቡት ዘይቱ ይቀራል።

ጨዉን በሚመለከት አንድ ታሪክ አለኝ። ጎረቤቴ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ጨው ከውጭ እንደማስመጣ ሲሰሙ ክፉኛ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ገበያው ጨው ሞልቶ? የአፋር ጨውስ ከባሕር የመጣ አይደል እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የአፋር ጨው ድሮ ቀይ ባሕር ገብቶ የደረቀበት ነው። ነገር ግን የባሕር ውሃ ሲደርቅ ውስጡ ያሉት ነገሮች በየተራ ነው የሚለያዩት። የካልሲየሙ ቀድሞ ይወርዳል፣ ለወጥ የምናውቀው ጨው ቀጥሎ ለብቻው ይጋገራል፣ ማግኒዥየሙ በመጨረሻው ውሃ ውስጥ ይቀራል። አሞሌው ስለዚህ የባሕሩ አንድ ክፍል እንጂ ባሕሩ አይደለም። ዓሣው የሚፈልገው ሁሉንም በልኩ የያዘ፣ «ለባሕር አኳሪየም» ተብሎ የሚሸጥ ጨው ነው። የጌጥ ዓሣ ከሚያስመጡ የአዲስ አበባ ሰዎች ወይም ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ታገኙታላችሁ። እማማ አልተቀበሉኝም። አሁንም ሲመጡ «ያ የፈረንጅ ጨው አላለቀም?» ይሉኛል።

ልኩ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው፣ ለ100 ሊትር 3.5 ኪሎ። ጨዉ ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ትንሽ ከፍ ይላል። በሚዛን ብቻ አትመኑ፤ ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ውሃው በጨዉ ምን ያህል እንደከበደ የሚለካ ዕቃ፣ ግዙና 1.025 አካባቢ መሆኑን እዩ። በባልዲ በጥብጡት፣ ፓምፕ ይዙርበት፣ ይደር። ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ ጨው መበተን የለም። ለወደፊቱም አንድ ነገር ያዙ፦ ውሃው ሲተን ጨዉ አብሮ አይሄድም። በበጋ፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ገንዳው በየቀኑ ዝቅ ይላል። የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። በጨው ውሃ ከሞላችሁ በሳምንታት ውስጥ ዓሣው ቋንጣ የሚሆንበት ድረስ ይጠነክራል። ልኩ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ጠዋት ጠዋት እስከዚያ ሙሉ፣ በቃ።

ወለሉ ላይ አሸዋ አታድርጉ፣ ከሐይቁ ዳር የተዛቀማ ጭራሽ። ባዶ መስታወት ለማጽዳት ይቀላል። ዓሣው ግን መጠጊያ ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ የኛ አገር ነገር ከማንም ይበልጣል፦ ሸክላ። ክላውንፊሽ በገንዳ ውስጥ አኔሞኒ ባይኖረውም አንድ ነገር መርጦ ቤቴ ይላል። የኔዎቹ ቤት ጀበና ነው። ከገበያ አዲስ ጀበና ገዝቼ፣ ሆዱን በመዶሻ በቀስታ ሰብሬ በጎን አስተኛሁት። ልብ በሉ፣ ያልተሟሸ መሆን አለበት። የተሟሸ ሸክላ ቅባት ጠጥቷል፣ ቡና የፈላበትም አይሆንም። ውሃ ውስጥ ሳምንት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ቀያይሩለት፣ ከዚያ አስገቡት። ማታ መብራቱ ሲጠፋ ሁለቱም ሆዱ ውስጥ ገብተው አፋቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይተኛሉ።

አኔሞኒውንስ? ለጊዜው እርሱት። ውስጡ ያለው አልጌ ኃይለኛ መብራት ይፈልጋል፣ ገንዳውም ቢያንስ ግማሽ ዓመት የረጋ መሆን አለበት፣ ሲሞት ደግሞ ውሃውን መርዞ ዓሦቹን ይዞ ይሄዳል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ይሄን አላስገባም።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ ባሕር ዳር ላይ ይሄን ሥራ ከባድ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ አንዱ መብራት፣ ሌላው ከፍታ። ከፍታውን ብዙ ሰው አያስበውም። ከተማችን ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ጨው ሲገባበትም ይቀንሳል፣ እኛ ሦስቱንም ደርበን ይዘናል። ስለዚህ «ለ100 ሊትር ይሄን ያህል ዓሣ» የሚል የውጭ ምክር ስታነቡ ቁጥሩን ቀንሱ። ሁለት ዓሣ፣ አለቀ። የውሃ ፓምፑን ወደ ላይ አዙሩት፣ የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይታወክ፣ የረጋ ፊት አልወድም። ከዚህ ሌላ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ይኑራችሁ። ርካሽ ነው፣ ሲበላሽም ይታያል።

ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። 100 ዋት ሂተር ይበቃል። ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ላይ ሥራ ይበዛበታል፣ ሚያዝያ ላይ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

መብራት ሲሄድ ምን ይደረግ? ኢንቨርተር ወይም ሶላር ያለው ሰው ቶሎ ሂተሩን ሊሰካ ይሮጣል። ስህተት ነው። ሂተር ባትሪ ይጨርሳል፣ አየር ፓምፕ ግን ጥቂት ዋት ነው የሚበላው። ዓሣው ቅዝቃዜን ለሰዓታት ይችላል፣ ኦክስጅን ማጣትን አይችልም። ስለዚህ አየር ፓምፑ በባትሪ ይቀጥል፣ ገንዳውን ጋቢ አልብሱት። አልቀለድኩም፤ ጋቢ እጥፍ ድርብ አድርጋችሁ አራቱን ጎን ብትሸፍኑ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ላዩን ክፍት ተዉት። ባትሪ የሚባል ነገር ከሌላችሁ በጆግ እየቀዳችሁ ከላይ መልሱ፣ በየሩብ ሰዓቱ ደጋግሙት፣ እጅ ያማል ግን ይሠራል። አየር ፓምፑን ደግሞ ከውሃው ከፍታ በላይ ስቀሉት። ከታች ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ውሃው በቀጭኗ ቱቦ ተመልሶ ይወርድና ምንጣፉ ላይ ይፈሳል። አንድ ሌሊት 20 ሊትር ያህል ፈስሶብኝ ባለቤቴ እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም።

አሁን ሁሉም ተገጥሟል፣ ውሃው ጠርቷል፣ እጃችሁ በልቶባችኋል። ዓሣ አታስገቡ! አንድ ወር፣ አንዳንዴ ስድስት ሳምንት ትጠብቃላችሁ። የዓሣ እዳሪ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ እንደ ባሕር ባለ ውሃ ውስጥ ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ይመርዛል። ይሄን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንደኛው ወገን አሞኒያን ናይትራይት ያደርገዋል፣ ሌላኛው ናይትራይትን ናይትሬት ያደርገዋል፣ ናይትሬቱ ብዙ አይጎዳም፣ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ ስፖንጁና ሸክላው ላይ እስኪበዙ ነው የምንጠብቀው። የሚበሉት እንዲያገኙ ጥፍር የምታህል የቀረሶ ዓሣ ሥጋ ገንዳው ውስጥ ጣሉና ትበስብስ። ይሸታል፣ ታገሱ። የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ግዙ፤ በጠብታ ቀለም የሚቀይር ነው። አሞኒያው መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ተከትሎ እንደዚያው። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ነው ዓሣ የሚገዛው። ሻጭ «ውሃው ዛሬውኑ ዝግጁ ነው» ካላችሁ ሥራው መሸጥ ነው፣ አትፍረዱበት፣ አትስሙትም።

ዓሣዎቹ ከአዲስ አበባ በፕላስቲክ ከረጢት፣ ኦክስጅን ተነፍቶላቸው ይመጣሉ። ከአውቶቡስ አውሮፕላን ይሻላቸዋል። ቤት ስትደርሱ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፉት፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከከፈታችሁ በኋላ ግን አታንቀራፉ። ከረጢቱ ውስጥ የቆየ አሞኒያ አየር ሲያገኝ ወደ መርዛማው መልኩ ይዞራል። የገንዳውን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጡና አስገቡ። የከረጢቱን ውሃ ድፉት።

ሁለት ስትገዙ እኩያ አትምረጡ። አንዱ ተለቅ፣ አንዱ አነስ ያለ ይሁን። ክላውንፊሽ ሲያድግ ሁሉም ወንድ ነው፤ የቤቱ ትልቅ የሆነው ሴት ይሆናል፣ ቀጣዩ ባሏ ነው። እሷ ከሞተች ባልየው ራሱ ሴት ይሆንና ሌላ ያገባል። ይሄን ሳወራ የማያምኑኝ ሽማግሌዎች አሉ፣ ምን ላድርግ። አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ትልቋ ስትጠጋው ትንሹ በጎኑ ዘንበል ይልና ከራስ እስከ ጅራቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወባ እንደያዘው ሰው። በሽታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። «እሜቴ፣ አንቺ ነሽ» ማለቱ ነው። ይሄን ካያችሁ ተስማምተዋል ማለት ነው።

ምግብ በቀን ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ደረቅ የባሕር ዓሣ ምግብ ይበቃል፤ አንዳንዴ አርቴሚያ የሚባል ጥቃቅን የጨው ውሃ ፍጥረት ስጧቸው፣ እንቁላሉ በቆርቆሮ ይሸጣል፣ ጨው ውሃ ውስጥ በአንድ ቀን ይፈለፈላል። እንጀራ የለም፣ ቆሎ የለም። እንግዳ ከነልጆቹ ሲመጣ ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። በየሳምንቱ አሥር ሊትር ቀድታችሁ በተዘጋጀ የጨው ውሃ ተኩ። የወጣውን ሽንት ቤት ድፉት እንጂ ጓሮ አትድፉት፣ ጎመኑ ይደርቃል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓሦች የገደልኳቸው እኔ ነኝ። መስከረም ነበር፣ ትንኝ በዝቶ። ሳሎኑን በትንኝ መግደያ ስፕሬይ ነፋሁትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ፣ ገንዳው ክዳን አለው ብዬ። የረሳሁት አየር ፓምፑን ነው። እሱ ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃ ውስጥ ያስገባል። ሰው ሳይሰማው የሚያልፈው የትንኝ መድኃኒት ለዓሣ ጨራሽ ነው። ስመለስ አንዱ ጀበናው አጠገብ በጎኑ ተኝቷል፣ ሌላው እየተሽከረከረ ነው። ስለዚህ ዓሣ ባለበት ክፍል ስፕሬይ የለም፣ አጎበር ይበቃል። ለወባ ቤት የሚረጩ ሰዎች ሲመጡም ቀድማችሁ ንገሯቸው። ቡና ሲፈላ ዕጣንና ከሰል ከፓምፑ ይራቅ፤ እኔ የፓምፑን መሳቢያ በቱቦ መኝታ ቤት አድርሼዋለሁ።

ዓሣ ማኖር ሰልችቷችሁ ብትተዉትስ? ለሌላ ሰው ስጡ። ጣና ውስጥ መጣል የሚባል ነገር እንዳይታሰብ። ክላውንፊሹ በጨው አልባ ውሃ ወዲያው ይሞታል፣ ነገር ግን የጌጥ ዓሣ ያለው ሰው ነገ የሐይቅ ውሃ ዓሣም ይኖረዋል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ያ 40 ሜትር ገደማ ገደል፣ ከታች ዓሣ እንዳይወጣ ዘግቶ ስለኖረ ነው ጣና የራሱ ዝርያዎች ያሉት፤ ነጭ ዓሣ እያልን በጅምላ ከምንጠራቸው ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ ናቸው። ከውጭ የመጣ ነገር ምን እንደሚያደርግ እምቦጭን ያየ ሰው አይጠይቀኝም።

ነገሩ ሁሉ ከሰመረ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ጥንዶቹ ጀበናውን በአፋቸው መጥረግ ይጀምራሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሸክላው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ተደርድሮ ታያላችሁ፣ በመቶ የሚቆጠር። የሚጠብቀው አባትየው ነው፤ በክንፉ ያራግብላቸዋል፣ የተበላሸውን እየለቀመ ይጥላል። እጃችሁን ካስገባችሁ ይነክሳል፣ ያቺን የምታህል ፍጥረት። በሳምንት ገደማ እንቁላሉ ብርማ ዓይን ያወጣል፣ ያኔ በዚያው ወይም በማግስቱ ማታ ይፈለፈላል፣ እሱም ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን ነው። የኔዎቹ የተፈለፈሉት ሰፈሩ በሙሉ መብራት በሄደበት ማታ ነበር። በስልኬ ባትሪ ወደ አንድ ጥግ ሳበራ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የቀጠኑ ብልጭልጭ ነገሮች ወደ ብርሃኑ ሲመጡ አየሁ። በሦስት ቀን ውስጥ አንድም አልቀረም፣ ያልተበላው ተርቦ ሞቷል። እነሱን ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው በዓይን በጭንቅ የሚታይ ሮቲፈር የሚባል ምግብ ለብቻው በባልዲ ማርባት አለበት፣ የሚጀምረውም እንቁላሉን ሲያይ ሳይሆን ከወር በፊት ነው።